ጎማው ቀዳዳ የለውም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ስለ ውጤት የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ልጄን ትምህርት ቤት አስቸገሩብኝ፣ ይመቱታል፣ ሙድ ይይዙበታል የሚለው ግን በዝቷል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፦ እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት አስተምሬ፣ በመጨረሻም ዩኒት ሊደር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዶክተር አይደለሁም። ደህና አድርጌ የማውቀው የእረፍት ሰዓትን ነው።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከዓባይ ማዶ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ 5ኛ ክፍል። ትምህርት ቤቱ ድልድዩን ተሻግሮ ስለሆነ አባቱ ሳይክል ገዛለት። መጀመሪያ ሰሞን ደስታው ልክ አልነበረውም። አሁን ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጎማው ተንፍሶ እየገፋው ይመጣል። ስጠይቀው ‹ሚስማር ወጋው› ይለኛል። ባለፈው ሳይክል ሠሪው ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ጎማውን ውኃ ውስጥ ነከረና ‹እታለም፣ ይሄ ጎማ ቀዳዳ የለውም። ነፋሱን ነው የሚያወጡበት› አለኝ። ክው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳስተውለው፣ ቤት እንደገባ ቦርሳውን ሳያወርድ ሽንት ቤት ይሮጣል። ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመጣል፤ እሱ ግን አንጀቱ ታጥፎ ነው የሚገባው። እሑድ ማታ ሆዴን አመመኝ ይላል። ለአባቱ ብነግረው ‹ወንድ አይደለም እንዴ? አንድ ቀን አፍንጫውን ቢለው ይተወዋል› አለ። እኔ ደግሞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሄጄ ‹የታለ ያ ልጅ?› ብዬ ላፈነዳው ነው። ልጁ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ምን ይሻለኛል?» እናት፣ ከዓባይ ማዶ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ለዚያ ሳይክል ሠሪ ቡና ጋብዢልኝ። ልጅሽ ስንት ጊዜ የደበቀውን ነገር እሱ በአንድ ሣህን ውኃ አወጣው።

የጻፍሽልኝን አንድ በአንድ እንየው። ሽንት ቤት መሮጡ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አዋቂ የማይደርስበት ቦታ ቢኖር ሽንት ቤት ነው። እዚያ የተመታ ወይም የተዘጋበት ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ውኃ መጠጣትም ይተዋል። ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ እሱ የሚርበው ደግሞ ሌላ ሰው እየበላበት ስለሆነ ነው፤ ወይም «ስጥ» ሳይሉት በፊት ራሱ መስጠት ጀምሯል። የእሑድ ማታው ሆድ ቁርጠት ውሸት እንዳይመስልሽ። እውነት ያመዋል። የሚያመው ሰኞ ስለሚመጣ ነው። በበዓልና በዕረፍት ሰሞን ሆዱን ካላመመው መልሱን አገኘሽ። ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው፤ የሆድ ትላትልም የራሱ ሥራ አለው። አንዱን ምልክት ብቻ ይዞ መደምደም አይገባም። ያንቺ ልጅ ላይ ግን አራት ምልክት አብሮ መጥቷል።

ሌሎች እናቶችም እንዲያስተውሉት፦ እስክሪብቶና ደብተር በየሳምንቱ «ጠፋብኝ» የሚል፣ አጭሩን መንገድ ትቶ ዞሮ የሚመጣ፣ ከቤት ሳንቲም ማንሳት የጀመረ፣ ድሮ የማይነካውን ታናሽ ወንድሙን ድንገት መደብደብ ያመጣ ልጅ ካለ ጠጋ በሉት። የመጨረሻዋን ምልክት ብዙ ሰው «ባሰበት፣ ባለገ» ብሎ በቁንጥጫ ያልፋታል። እዚያ የተቀበለውን እዚህ እያራገፈ ነው።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። «አንዲት ቃል አይተነፍስም» አልሽኝ። ልጅሽ የሚፈራው ልጆቹን ብቻ አይደለም። እናንተንም ፈርቷል። አስቢው እስቲ። ለአባቱ ቢነግር «በለው» ይባላል። መምታት ቢችል ኖሮ እስከዛሬ መትቶ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያፈረው ሳይበቃ ቤቱም ውስጥ ያፍራል። ላንቺ ቢነግርሽ ደግሞ ሰልፍ ላይ ትመጫለሽ። ባንዲራ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ እናቱ ነጠላዋን አደግድጋ ስትጮህ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ 8ኛ ክፍል ስሙ «ማሙሽ» ነው። ልጁ ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ዝም ያለው። ሞኝ አይደለም።

እና ከሁሉ በፊት ይህን ፍርሃት አንሽለት።

«ማነው የመታህ? ስሙን ጥራ!» የፖሊስ ጥያቄ ነው፤ ተይው። ፊት ለፊት አስቀምጠሽም ዓይን ዓይኑን አትይው። ሥራ ያዙ። እሸት ባቄላ ፈልፍሉ፣ ምስር ልቀሙ፣ ሳይክሉን አብራችሁ እጠቡ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይላላል። ከዚያ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ጠይቂው። «እናንተ ክፍል ሙድ የሚያዝበት ልጅ አለ?» «እረፍት ላይ ብዙ ጊዜ የት ነው የምትሆኑት?» «የትኛው ቦታ ነው ልጆች የማይወዱት?» ልጅ ስለ ሌላ ልጅ ለማውራት ብዙ አይቸገርም። «አንድ ልጅ አለ» ብሎ ይጀምርልሻል። አንዳንዴ ያ «አንድ ልጅ» ራሱ ነው። እየሰማሽ «ውይ!» እንዳትዪ፣ እንዳታለቅሺ። ባቄላውን መፈልፈል ቀጥዪ።

ሲጨርስ የምትዪው አጭር ይሁን። እንኳን ነገርከኝ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንተን ሳላማክር የትም አልሄድም። የመጨረሻዋን ቃል ከሰጠሽ በኋላ ጠብቂያት። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። መናገርሽ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ አያምንሽም።

ለባለቤትሽ ይህንን አንብቢለት። ዳን ኦልዌየስ የሚባል ሰው ነበር። ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ፣ ቤርገን ከተማ የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ይህንኑ በተማሪዎች መካከል ያለ ጥቃት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ታዳጊዎች በዚህ ሰበብ ራሳቸውን አጥፍተው አገሩ ሲደነግጥ፣ በፈረንጆቹ 1983 መንግሥት በመላ አገሪቱ ዘመቻ ጀመረ፤ የሱ ሥራም እዚያ ላይ ዋለ። የልጆችን ተራ ጠብ ከዚህ የሚለየው በሦስት ነገር ነው ይላል፦ ሆን ተብሎ ነው፣ ይደጋገማል፣ አቅማቸው እኩል አይደለም።

ለባለቤትሽ የምትነገረው ሦስተኛዋ ናት። አቅም ማለት ጡንቻ ብቻ አይደለም። ቁጥርም አቅም ነው። 8ኛ ክፍል ያለ ታላቅ ወንድምም አቅም ነው። «አባቴ እገሌ ነው» ማለትም አቅም ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሦስቱን ልምታ ቢል ይደበደባል፤ አበቃ። ሌላም ጣጣ አለው። መምህሩ ዞር ብሎ የሚያየው የመጨረሻውን ቡጢ ነው። ዩኒት ሊደር ሆኜ ቢሮዬ እየተጎተተ የሚመጣልኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የመታው ነበር። የጀመረው ልጅማ ልምድ ስላለው እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል።

ይህ ማለት ግን አንገቱን ይድፋ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ አባትየው ሥራ አለው። እቤት ውስጥ አባትየው ጉልቤውን ሆኖ ይተውንለት። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ «ተው! አቁም!» ይበል። ከዚያ ሳይሮጥ አዋቂ ወዳለበት ይሂድ። መጀመሪያ ድምፁ አይወጣም። ደጋግሙት። ሳቅ ይበዛበታል፤ ይብዛበት። ልጁ አባቱ ከጎኑ መሆኑን የሚያውቀው ከዚያ ሳቅ ነው።

ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት ሁለት ሰው አናግሪ። አንደኛው ዘበኛው ነው። ሳይክሎቹ የሚቆሙት የት ነው? የልጅሽ ሳይክል ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ቢቆም ጎማ የማስተንፈሱ ነገር ነገውኑ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛዋ በር ላይ ቆሎና ድንች ጥብስ የምትሸጠው ልጅ ናት። ማን ማንን ሳንቲም እንደሚቀማ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ ማን ጥግ ይዞ እንደሚጠብቅ ታያለች። ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቆሎ ግዢና ጠይቂያት።

ደብተርም ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ ያየ ሰው። «ማክሰኞ፣ እረፍት ሰዓት፣ ሳይክል ማቆሚያው ጋ፣ የኋላ ጎማ» ብለሽ ጻፊ፤ ይበቃል። ሹራብ ከተቀደደ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። «ሁልጊዜ ያስቸግሩታል» ስትዪ መምህሩ «እሺ እናያለን» ይልሻል። ከነቀኑ ስታነቢለት ግን እሱም እስክሪብቶ ያወጣል።

ስትሄጂ በሰልፍ ሰዓት አይሁን፤ ፈረቃው ካለቀ በኋላ ሂጂ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ጠይቂና ለብቻው አናግሪው። ስልሳ ልጅ የያዘ መምህር ሁሉን ላያይ ይችላል፤ ወቀሳ ይዘሽ አትግቢበት፤ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። በእረፍት ሰዓት ተረኛው መምህር የት ነው የሚቆመው? ልጄ የተቀመጠው ከማን ጋር ነው? ምን ልታደርጉ አሰባችሁ? መቼ ልመለስ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ቀን ሳታስቆርጪ አትውጪ። መልስ ካጣሽ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ሂጂ። ከዚያ ካለፈ በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክቺ፤ ኮፒውን በእጅሽ አስቀሪ።

እዚያ ሁለት ነገር ሊያደርጉልሽ ይችላሉ። ሁለቱንም እምቢ በይ።

አንደኛው «ታረቁ» ነው። ሁለቱን ልጆች ቢሮ ጠርቶ «በሉ ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» ማለት። እርቅ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ጥሩ ነው። ግን እርቅ ለተጣሉ ሰዎች ነው። ልጅሽ ከማንም ጋር አልተጣላም። ከሚያሰቃየው ልጅ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲያሳስሙት «ያንተም ጥፋት አለበት» ማለታቸው ነው። ልጆቹን ለየብቻ ያናግሯቸው።

ሁለተኛው ልምጭ ነው። «ቆይ ገርፌ ልክ አስገባልሻለሁ» የሚል መምህር አይጠፋም፤ አንቺም ለጊዜው ደስ ሊልሽ ይችላል። ሕጉ ይከለክለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉን ተይውና ውጤቱን እይው። የተገረፈው ልጅ ሒሳቡን የሚያወራርደው ከልጅሽ ላይ ነው፤ ከግቢ ውጭ፣ ድልድዩ ላይ። ከግርፋት ይልቅ በእረፍት ሰዓት መምህር አጠገብ እንዲቆይ ቢደረግ፣ ያስተነፈሰውን ጎማ ራሱ እየነፋ እንዲሞላ ቢታዘዝ፣ ወላጁ ቢጠራ ይሻላል።

የዚያን ልጅ ቤት ግን እንዳታንኳኪ። መንገድ ላይ ጠብቀሽም ጆሮውን እንዳትይዢው። እኛ አገር የልጆች ነገር ወደ አባቶች፣ ከአባቶች ወደ ዘመድ ሲዛመት አይተናል። ወላጆቹን ትምህርት ቤቱ ይጥራ፤ ብትገናኙም እዚያው ቢሮ ውስጥ ተገናኙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ካመጣ፣ ወይም ሰውነቱ ላይ ቁስል ካየሽ፣ ደብተርም ቀጠሮም የለም። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። የደረሰው ነገር ድብደባ ከሆነ የሕክምና ማስረጃውን ይዘሽ ወደ ፖሊስ።

ጥያቄ

«ይድረስ ለአዘጋጇ። ዓይኔ ስለደከመ በሰው እጅ ነው የማጽፈው። ዘጌ ነዋሪ ነኝ። የልጅ ልጄ ከተማ ልማር ብሎ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ 9ኛ ክፍል ገብቷል። በጀልባ ስንቅ እልክለታለሁ። ባለፈው ስንቁን ሳይነካው መልሶ ላከው። ‹ከእንግዲህ አትላክ፣ እዚሁ እገዛለሁ› አለ። ኋላ ከጓደኛው ስሰማ ‹ፋራ› እያሉ፣ አነጋገሩን እያስመሰሉ፣ ስንቁን እያሸተቱ ይስቁበታል አሉ። ጫማውን ደብቀውበት በባዶ እግሩ ገብቷል። ላምጣው ወይስ ይቻለው?» አያት፣ ከዘጌ

መልስ

አባቴ፣ እግዜር ያክብርዎ። ሁለቱንም አያድርጉ። «ቻለው» ካሉት ብቻውን ይቀራል። ካመጡት ደግሞ ትምህርቱን ጥለው የሚሄዱት የገጠር ልጆች ቁጥር ላይ አንድ ጨመርን።

የእርስዎ ልጅ ከሌሎቹ የሚለየው ማታ የሚገባበት ቤት ባዶ መሆኑ ነው። ቀን ተስቆበት ማታ የሚያወራው ሰው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይፈልጉለት። ከዘጌ መጥተው ከተማ የሚማሩ ሌሎች ልጆች መኖራቸው አይቀርም፤ ጀልባ ተሳፋሪው ያውቃቸዋል። አንድ ቤት ባይከራዩ እንኳ ጠዋት አብረው ቢሄዱ፣ ማታ አብረው ቢያጠኑ ትልቅ ነገር ነው። አከራይዋም እንደ እናት ዓይኗን ትጣልበት። እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይደውሉ። «በላህ ወይ?» ብቻ አይበሉት። «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ይበሉት።

ስንቁን መላክ አያቁሙ። እንዴት እንደሚላክ ግን እሱን ያማክሩት። ትምህርት ቤት ይዞት መሄዱ ካሳፈረው ቤቱ ይብላው። በነገራችን ላይ «ፋራ» የሚሉት ልጆች እናቶች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚያፈሉት ቡና ከየት እንደመጣ ቢጠየቁ ደስ ይለኛል። ጌሾውንም ጭምር።

ጫማ መደበቅ ግን ቀልድ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ማወቅ አለበት። እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ከተማ ያለ ዘመድ ይሂድልዎ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ሲያናግር «አነጋገሩንና የመጣበትን አገር እያነሱ ያሸማቅቁታል» ብሎ በግልጽ ይንገረው። እዚህ ሐይቅ ዳር በአባቱ ሙያ የሚሰደብ አለ። ታንኳ ሠሪ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ተብሎ። «ቡዳ» የሚባልም አለ። እንዲህ ያለውን ስድብ ልጆቹ የፈጠሩት አይደለም፤ እቤት የሰሙትን ነው ይዘው የሚመጡት። መምህሩ እንደ ልጆች ጨዋታ ካለፈው ክፍሉ በሙሉ «ይፈቀዳል ማለት ነው» ብሎ ይማራል።

ጥያቄ

«ጥያቄዬ ከሌሎቹ ይለያል። የኔ ልጅ ናት አስቸጋሪዋ። 14 ዓመቷ ነው፣ 8ኛ ክፍል። ስልኳን ሳይ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ የአንዲት የክፍሏን ልጅ ፎቶ እያበላሹ፣ እየተሳሳቁ ይለጥፋሉ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሰነበተች። ደሜ ፈላ። ስልኩን ሰባብሬ ልጄንም በቀበቶ ልላት ስል እህቴ ያዘችኝ።» የተሸማቀቀች እናት፣ ከቀበሌ 14

መልስ

እህትሽ ትባረክ። በቀበቶ ብትያት የምትማረው ጉልበት ያለው ሰው የፈለገውን እንደሚያደርግ ነው። እሱንማ አውቃዋለች።

ስልኩንም እንዳትሰብሪው። ማስረጃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተለጠፈውን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺና አስቀምጪ። ከዚያ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ እሷው ራሷ ለሁሉም እንዲጠፋ አድርጋ ታጥፋው፤ ግሩፑንም ትዝጋው። «ለቀልድ ነው» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ጮክ ብላ፣ ላንቺ፣ የጻፈችውን ታንብብልሽ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ይቀየራል።

ከዚያ ከባዱ ይመጣል። ለትምህርት ቤቱ አንቺው ራስሽ ንገሪ፤ የዚያች ልጅ ቤተሰብም በትምህርት ቤቱ በኩል ይወቅ። ይቅርታውን ግን ልጅቷ ስትፈልግ እንጂ እናንተ ሲመቻችሁ አይሁን። በድንገት በር አንኳክታችሁ «ይቅር በያት» ብትሏት፣ እምቢ የማለት ዕድል ሳትሰጧት ዳግመኛ ታስጨንቋታላችሁ።

ልጅሽ ሕጉንም ትወቅ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ጥፋት ሲሠሩ ፍርድ ቤት እንደ አዋቂ ባይቀጣቸውም የተለየ እርምጃ ሊወስድባቸው እንደሚችል ያስቀምጣል። «ልጅ ነኝ፣ ምንም አልሆን» አይሠራም። ስልኩ ለተወሰነ ጊዜ ካንቺ ጋር ይደር። ለዘላለም ከወሰድሽው ግን በጓደኛዋ ስልክ ትገባለች፤ ያኔ ምንም አታዪም።

እና ደግሞ፣ ቤታችሁ ውስጥ በሰው መልክ ይሳቃል? በጎረቤት ቁመት፣ በዘመድ አለባበስ? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ።

ጥያቄ

«7ኛ ክፍል ነኝ። ስሜን አልጽፍም። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ይመቱታል። እኔ አልመታውም። ግን ብናገር አሳባቂ ይሉኛል፣ እኔንም ይመቱኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ

የኔ ጎበዝ፣ የዛሬውን ገጽ ካነበቡት ሁሉ አንተ ብዙ መሥራት የምትችለው ነህ። ወይም አንቺ፤ ስም ስለሌለው አላወቅሁም።

ፊንላንድ ውስጥ ክርስቲና ሳልሚቫሊ የምትባል ምሁር እንዳንተ ያሉትን፣ ቆመው የሚያዩትን ልጆች ነበር ያጠናችው። የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ኪቫ የሚባል ፕሮግራም የተነሳውም ከዚያ ነው። ጉልቤ ተመልካች ይፈልጋል። ሳቅ ሲያጣ ጨዋታው ይበርድበታል። ካናዳ ውስጥም በትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ ተከታትለው ባዩት፣ አንድ ልጅ ገብቶ «ተዉት» ሲል ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ ወዲያው ይቆማል።

አንተ ግን መሐል ገብተህ እንድትደበደብ አልመክርህም። አትሳቅ። ክበቡን ሠርተው ሲያዩ አንተ ዞር በል፤ ከቻልክ አንድ ጓደኛህንም ይዘህ ዞር በል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ልጁ ጋ ሂድና «እረፍት ላይ ከኛ ጋር ና» በለው። ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ አስገቡት። ጎል ጠባቂም ቢሆን።

ማሳበቅ ሰውን ለማስመታት ነው። አንተ የምትናገረው ሰው እንዳይመታ ነው፤ አንድ አይደለም። ደፍረህ ቢሮ መግባት ካቃተህ በቁራጭ ወረቀት ጻፍና የቤት ሥራ ደብተርህ ውስጥ አስገብተህ ለመምህርህ ስጥ። ማን፣ የት፣ መቼ፤ በቃ። እኛ መምህራን ደብተር ስናርም የማናገኘው ነገር የለም። እኔ አንድ ጊዜ ከሒሳብ ደብተር ውስጥ ለሌላ ክፍል ልጅ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ አግኝቼ፣ የፊደል ግድፈቱን በቀይ አርሜ መልሻለሁ።